ስልሳ ትንፋሽ፦ የአቶ ሻርሼን ኦሙራሊየቭ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሻርሼን ኦሙራሊየቭ ከአባታቸው ከአቶ ኦሙራሊ ሳዲቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቢቢጃን እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1951 በኢሲክ ኩል ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዚህችው በቶሶር መንደር ተወለዱ። እናታችን ትነግረን እንደነበረው ሲወለዱ አላለቀሱም፤ ዝም ብለው መስኮቱን ነበር የሚያዩት። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ጁማካዲር ግን ስወለድ መንደሩን በጩኸት አስነስቻለሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ለእኔ ቢደርሰኝ ማንም አይገረምም።

ትምህርታቸውን በመንደራችን ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1968 አጠናቀቁ። ከውትድርና አገልግሎት መልስ የብየዳ ሙያ ተምረው በ1972 በሐይቁ ዳር በነበረ የጀልባ መጠገኛ በበያጅነት ተቀጠሩ። በ1975 ከወይዘሮ ዙራ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ጃኒልን አፈሩ። በሠርጋቸው ቀን አማታቸው የእጅ ሰዓት፣ በ1979 ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ስለ ታታሪነታቸው ካሜራ ሸለሟቸው። ሰዓቱ በኋላ ከዳቸው። ካሜራው ግን እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ።

በ1981 አንድ እሑድ ንጋት ላይ በመንደራችን አሮጌ የእንጨት ወደብ የፀሐይን መውጣት ሊያነሱ ሄዱ። ብርሃኑ ስለበዛባቸው ከብየዳ ጥቁር መስታወቶቻቸው ስሱን መርጠው፣ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ካሜራው ፊት ላይ አሰሩት። ካሜራውን እንደከፈቱ ጎረቤታችን አሳናሊ ጀልባዬን ግፋልኝ ብሎ ጠራቸው። ገፍተውለት፣ እሱም በካሜራው ፊት ቀዝፎ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ዘጉት። ፊልሙ ሲታጠብ ሞገዱ የለም። ሐይቁ የተዘረጋ ወተት መስሏል፤ የወደቡ ምሰሶዎች ብቻ ጥርት ብለው ቆመዋል። ካሜራ ዓይኑን ገልጦ ብዙ ሲቆይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይጠፋል፤ የቆመው ይቀራል። አሳናሊም ከነጀልባው አልነበረም።

«ከአፍንጫህ ሥር ነው እኮ የቀዘፍኩት! ሰይጣን ነኝ እንዴ የማልታየው?» ብሎ ተቆጣ።

«ቁም፤ ትታያለህ» አሉት። ይህ ክርክር አርባ ዓመት ሙሉ አላለቀም፤ አሳናሊ መቆም የሚባል ነገር አያውቅምና።

ከ1989 ጀምሮ ወንድሜ በየዓመቱ በኖሩዝ፣ በመጋቢት በምናከብረው የፀደይ በዓል ንጋት፣ በሐይቁ ዳር ካለ አንድ ድንጋይ ላይ፣ በዚያው መስታወት ያንኑ ወደብ አንድ ጊዜ ያነሱ ነበር። ፎቶዎቹ እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ኮሪደር በተራ ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የአማታቸው ሰዓት በብርዱ ቆመባቸው፤ ያን ጊዜ በራሳቸው ትንፋሽ መቁጠር ጀመሩ። ስልሳ ትንፋሽ ሲሞላ፣ ካሜራውም ብርሃን ሲጠግብ፣ ይዘጋሉ። ወይዘሮ ዙራ «ሰው ምን ይለናል፣ ሌላ ሰዓት ይግዙ እንጂ!» ሲሏቸው «አንቺ አሮጊት፣ ሰዓት ይቆማል፤ ትንፋሽ አይቆምም» ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ ዙራ ያኔ ገና አርባ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

በ1992 የጀልባ መጠገኛው ሲዘጋ ግቢያቸው ውስጥ በር፣ አጥርና ምድጃ እየበየዱ ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። የዚህ መንደር ምድጃ ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው። በክረምት የሥራ ክፍላቸውን በር ዘግተው ይበይዱ ስለነበር ጭሱን ሁሉ እሳቸው ጠጡት።

ከ2019 ወዲህ ፎቶዎቹ መጨለም ጀመሩ። ሰማዩ ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ቁጥሩም ያው ስልሳ፤ ፎቶው ግን በየዓመቱ ይጠቁራል። በመጀመሪያ ፊልም ሻጩን ረገሙ። ቀጥለው መስታወቱን በአመድ ፈተጉት፣ አልፎም ለወጡት። እኔ ብልጡ «ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዓለም ጨልሞ ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» እያልኩ አሾፍኩባቸው። ሦስተኛው ፎቶ የባሰ ጠቁሮ ሲወጣ «ዓይኔ አልቋል፤ ከእንግዲህ በቃኝ» ብለው የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ለአሳናሊ መረብ ማድረቂያ ሰጡት። ወንድሜን እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው አይቻቸው አላውቅም።

በ2022 ኖሩዝ ሲደርስ ወይዘሮ ዙራ ማቆሚያውን ከአሳናሊ ግቢ ነጥቀው አመጡ። «የመጨረሻ ይሁን፤ እኔም እመጣለሁ» አሉ። በዚያ ንጋት ከኋላቸው ቆመው፣ ሳይናገሩ፣ በራሳቸው ትንፋሽ አብረው ቆጠሩ። ባለቤታቸው ስልሳ ብለው ካሜራውን ሲዘጉ የወይዘሮ ዙራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር።

ቤት ደርሰው ሻይ ቀድተው ካቀረቡ በኋላ ነው «የጃኒል አባት፣ መስታወቱም ዓይንዎም ምንም አልሆኑ። ትንፋሽዎ ነው ያጠረው፤ ስልሳው ቶሎ እየሞላ ካሜራው ብርሃን ሳይጠግብ ይዘጋል» ያሏቸው።

ሐኪም ቤት በሄዱበት ሳምንት ሳንባቸው በብየዳ ጭስ ክፉኛ መጎዳቱ ታወቀ። ሐኪሟ ብዙ ጊዜ እንደማይቀራቸው አልደበቀቻቸውም። ለካ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በተራ ስናየው የነበረው ሕመማቸው ነው። እኔ በዚያ ኮሪደር በቀን አሥር ጊዜ አልፌ አልገባኝም፤ አሾፍኩ። ይህ ይቆጨኛል፤ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

እሳቸው ግን ስለ መሞት ብዙም አላወሩም። የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው ብርሃን ያለው ፎቶ ማንሳት። ጃኒል ከቢሽኬክ የሰከንድ መቁጠሪያ ልላክ ብትል እምቢ አሉ።

ባለፈው ኖሩዝ ወንበር ላይ አስቀምጠን ወደ ሐይቁ ተሸከምናቸው። ካሜራውን ከከፈቱ በኋላ መዳፋቸውን በወይዘሮ ዙራ ጀርባ ላይ አሳርፈው በባለቤታቸው ትንፋሽ መቁጠር ጀመሩ። ወይዘሮ ዙራ እንባቸው መጥቶ ነበር። ካለቀሱ ትንፋሻቸው ይዛባል፤ ቁጥሩም ይበላሻል። ስለዚህ ስልሳ እስኪሞላ አላለቀሱም። ከዚያ በኋላ አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን።

ፎቶው በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሽፋን ላይ ያለው ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን ብታስቀምጡት ብርሃናቸው አንድ ነው። በወደቡ ጫፍ የሚታየው ሰው አሳናሊ ነው፤ በዚያን ቀን ማንም ሳይለምነው ሄዶ ቆመ። ጭንቅላቱ ትንሽ የደበዘዘው አፉ አላርፍ ብሎት ነው።

አቶ ሻርሼን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2023፣ ጎህ ሲቀድ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ሠላሳ አምስት ፎቶዎችን ትተውልናል። አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፣ ብርሃንም ይሙላበት፤ ለወይዘሮ ዙራም ጽናቱን ይስጣቸው።

አሁን ወንድሜን ከመሸከማችን በፊት ሁላችንም ባለንበት እንቁም። አሳናሊ፣ አንተም ቁም። ወይዘሮ ዙራ ይቆጥራሉ፤ ስልሳ ሲሞላ እጃቸውን ያነሳሉ።