በሚጠሏቸው ሰዎች ቤት ገብተው የተቀመጡት ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ካባኞግ

ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ካባኞግ ከአባታቸው ከአቶ ማካርዮ ካባኞግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፔትሮኒላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 በሳማር ደሴት፣ በካንሎዶን የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ዓሣ እያደረቁና እየሸጡ ወላጆቻቸውን ረዱ። በ1972 ከአቶ ፋውስቶ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በ1984 በደረሰው ማዕበል አቶ ፋውስቶ ጀልባቸውን ሊያስሩ እንደወጡ ቀሩ። ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮናቸውን አጥፍተው ተኝተው አያውቁም።

በ1998 የመንደሩ ምክር ቤት የማዕበል ዝግጅት ኃላፊ አድርጎ ሾማቸው። ጣሪያ በገመድ ያስጠፍሩ፣ ጀልባዎችን ከኮኮናት ዛፎች ሥር ያስጎትቱ፣ አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚሸከም አስቀድመው ይመድቡ ነበር። አንደበታቸው ግን ለስላሳ አልነበረም። ገመድ ያላሰረውን ሁሉ፣ "አንተ ሰነፍ፣ ቆርቆሮህ በርሮ የጎረቤትህን አንገት ሲቆርጥ ልትሰፋለት ነው?" ይሉት ነበር። በዚህም ሰው አይወዳቸውም ነበር።

በ2006 ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ መንደሩን በሙሉ ወደ ትምህርት ቤቱ አወጡ። ማዕበሉ ግን ወደ ሰሜን ታጠፈ። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አሳማና ዶሮው ተሰርቆ ጠበቀው። እናት አሳማቸውን ያጡት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ቦኒፋስዮ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ በተሰበሰበበት "ነቢይት ሆይ! ትንቢትሽን አየነው፤ አሁን አሳማዬን ውለጂ!" አሏቸው።

"እናታችን አንድ ወልዳ የለም እንዴ? ይኸው ፊቴ ቆሞ ይጮኻል" ብለው መለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ተኳረፉ። ምክር ቤቱም ከኃላፊነታቸው አነሳቸው። በራቸው ላይ የዓሣ አንጀት የሚደፋም ነበር።

በ2011 ሬዲዮው ከቀድሞው የባሰ ማዕበል እየመጣ መሆኑን ሲናገር በመንደሩ ማንም ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ኢሉሚናዳ በማለዳ ወጥተው ቤት ለቤት ዞሩ፤ በር ሁሉ ተዘጋባቸው። በመጨረሻ የወንድማቸውን በር ገፍተው ገቡ።

"የቀሩትን ዶሮዎች ፍለጋ መጣሽ?" አሉ አቶ ቦኒፋስዮ።

ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ጫማቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "አትወጣም? እኔም አልወጣም። እዚሁ አብሬህ እሞታለሁ። ሬሳችን አንድ ላይ ሲገኝ ሰው፣ 'ወይ ፍቅር! ተለያይተው መሞት እንኳ አልቻሉም' ይላል። ባንድ ጉድጓድ ነው የሚቀብሩን።"

አቶ ቦኒፋስዮ "በቁሜ ያልቻልኩሽን ሞቼ ልቻልሽ?" ብለው ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ኮረብታውን ተያያዙት። እሳቸው ሲወጡ ያየ ብዙ ሰው ተከተለ። እምቢ ባለው ቤት ወይዘሮ ኢሉሚናዳ እየገቡ ይቀመጡ ነበር። ከእሳቸው ጋር መሞት የፈለገ አልነበረም።

ሽማግሌው አቶ ሲምፕሊስዮ ብቻ "እንኳን መጣሽ፣ ቁጭ በይ፤ ሩዝ አለ" አሏቸው። ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ለመኗቸው፤ ተሳደቡ፤ ክንዳቸውንም ይዘው ጎተቱ። ውኃው ከወለሉ በላይ ሲወጣ ብቻቸውን ወጡ። ማዕበሉ የመንደሩን ቤቶች ጠርጎ ወሰደ፤ የሞቱት አቶ ሲምፕሊስዮ ብቻ ነበሩ።

ያመሰገናቸው የለም። "አብሬህ እሞታለሁ ብላ ሽማግሌውን ጥላ ሸሸች" ሲባሉ፣ "አዎ፣ ፈራሁ" ይሉ ነበር እንጂ አላስተባበሉም። በየዓመቱ የሙታን ቀን ለአቶ ሲምፕሊስዮ ሻማ የሚያበሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 12 ቀን 2022 ዐረፉ። ይህን ታሪክ የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ "በሁሉ ዘንድ የተወደዱ" የሚል ልትጨምር ብትል አባቷ "በቤተ ክርስቲያን ውሸት አይነበብም" ስላሏት ትታዋለች።

ከኋላቸው ሴት ልጃቸውን ሊዮኖራን፣ ወንድ ልጃቸውን አርሴንዮን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ዛሬም በኋለኛው ወንበር ፊታቸውን አዙረው የተቀመጡትን ወንድማቸውን አቶ ቦኒፋስዮን፣ እንዲሁም እሳቸውን ሽሽት ኮረብታ የወጡትን የካንሎዶን ነዋሪዎችና ከዚያ ወዲህ የወለዷቸውን ልጆች ሁሉ ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንንም መቀስቀስ በማይኖርባቸው ቦታ ያሳርፍ፤ አሜን።