የምግብ ክፍሌ መጋረጃ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ ሙሉመቤት፤

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ እንደ ክረምቱ ያምሻል ወይስ ተሻለው? ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። የአሰብ ሙቀትም በዚህ ወር እንደ ሰው ይናገራል፤ እንደ ሐምሌው አይጮህም።

የላክሽልኝ የሱፍ ምንጣፍ ትናንት ከጉግሳ የጭነት መኪና ላይ ደኅና ወረደ። ከአባባ ተደብቀሽ እንዳስጫንሽው ነግሮኛል። «አሰብ ላይ ሱፍ የሚያነጥፍ ሰው እግሩን ሊቀቅል ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በምግብ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ የክፍሉ ግርማ እሱ ሆነ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ።

ጉግሳ ግን ሌላም አደራ ይዞ ነበር። አባባ «ሰኞ ስትመለስ ጋቢናህ ውስጥ አስቀምጠህ አምጣት» ብለውታል። እሠራበት የነበረው የትራንዚት ቢሮ አለቃ ከሥራ ሰዓት በኋላ ብቻዬን እንድቆይለት ፈልጎ እምቢ ስለው «ጠባይዋ የተበላሸ ናት» ብሎ አባረረኝ፤ ይህ አልበቃው ብሎ ለአባባ ጻፈላቸው። እሳቸውም የልጃቸውን ቃል ሳይሰሙ የእሱን ማኅተም አመኑ። ያላጠፋሁትን እንዳጠፋሁ አንገቴን ደፍቼ ደሴ አልገባም። ሳትጠይቂ ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ይህን ሁሉ ለጉግሳ ነገርኩትና እንዳይወስደኝ ለመንኩት። እሱም፣ «ነገ የምግብ ቤትሽ የመጀመሪያ ምሳ ነው። የበላው ሰው ተመልሶ እመጣለሁ ካለ ትቀሪያለሽ፤ ካላለ ሻንጣሽን ትጭኛለሽ» አለኝ። ተስማማን።

ክፍሉን ለማሰናዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አከራዬ እማ ዳሃባ የአፋር ባልቴት ናቸው። ዓሣ አጥማጁ ልጃቸው ዳርዊሽ ከጀልባው በተረፈው ሰማያዊ ቀለም በሩን ቀባልኝ። በቀኝ በኩል ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣሊያን መካኒክ የገዛሁትን ረጅም ጠረጴዛ፣ ወንበሮቹንና ባለ መስተዋት ብፌውን አቆምኩ። በግራ እማ ዳሃባ የሰጡኝን ሰሌንና መከዳ ዘረጋሁ። መካከሉን በአቡጀዲ መጋረጃ ከፈልኩት። ክርስቲያኑ በጠረጴዛው፣ እስላሙ በሰሌኑ፣ ሥጋውም ድስቱም ቢላዋውም ለየብቻ፤ ማንም ቅር አይለውም ብዬ በጥበቤ ኮራሁ።

ዛሬ አሥር ሰዎች መጡ፤ ሾፌሮችና የወደብ ሠራተኞች። ሳምንቱን ሙሉ አብረው ሲሠሩ የሚውሉ ናቸው፤ እየተሳሳቁ መጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ግን መጋረጃውን አይተው ቆም አሉ። ወዲህና ወዲያ ተከፍለው ተቀመጡ። ጉግሳና ዳርዊሽ የጀመሩትን ወሬ በመጋረጃው ላይ እየተጯጯሁ ሊጨርሱ ሞከሩ። «ጉግሳ፣ አለህ ወይስ ሰመጥክ?» ቢል ዳርዊሽ አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ከዚያ የሳህን ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሊታጠቡ መነሣት ጀመሩ። ሻንጣዬ በዓይኔ መጣ።

በዚህ መሐል እማ ዳሃባ ለራሳቸው ምሳ የጠበሱትን ትልቅ ዓሣ በትሪ ይዘው ከጓሮ ገቡ። መጋረጃውን ላይ ታች አዩት።

«ልጄ፣ ቤቱን ኬላ አደረግሽው እኮ። ፈታሹ የት አለ?»

ሥጋው እንዳይደባለቅ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ሥጋ ምን ያስጨንቅሻል? ዓሣን ማን አረደህ ብሎ የሚጠይቀው የለም» አሉና ትሪውን ለዳርዊሽ ሰጥተው መጋረጃውን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ያሰናዱት እንግዶቹ ናቸው። ጠረጴዛውን ወደ መካከል ጎተቱት፤ የጣሊያኑ ወንበር ይቆረቁራል ብለው መከዳዎቹን ላዩ ላይ ደለደሉ። አቡጀዲው የጠረጴዛ ልብስ ሆነ። መሬት መቀመጥ የሚወዱት፣ ጉግሳም ጭምር፣ በሰሌኑ ላይ ተጠጋግተው ጀርባቸውን ለምንጣፍሽ ሰጡ። የእማ ዳሃባን ዓሣ በእኔ እንጀራና አዋዜ በሉት፤ አልበቃ ብሎ ዳርዊሽ ሌላ ሊያመጣ ሮጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ይህን ከእሳቸው መስማቴ በራሴ አናደደኝ፤ ግን ደስ የሚል ንዴት ነው።

ሲወጡ አንዱ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ፣ ነገ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ጠየቀኝ። ሰባቱ በወር ኮንትራት እንበላለን አሉ። ጉግሳን አየሁት።

«ጋቢናው ባዶ ይሄዳል» አለ። «አባትሽ ከተቆጡም እኔን ይቆጡ።»

እናም በእኔ ፋንታ ይህ ደብዳቤ ይመጣልሻል። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ጸሎታቸው ደርሶልኛል። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን እጅ እነሣለሁ። ስለሺን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ዛጎል እየለቀምኩለት ነው በይው። ዘሪቱንም «የእንጀራዬ ዓይን እንዳንቺው ሆኗል» ብላሻለች በያት።

አባባ መኪናው ሲቆም ሊቀበሉኝ ይወጡ ይሆናል። አጠገባቸው ቁሚልኝ። ልጅዎ እምቢ ያለችው ለእርስዎ አይደለም በያቸው። ለማን ነው ካሉሽ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ንገሪያቸው። እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

የምትወድሽ እኅትሽ
ብርቅዬ
አሰብ፣ እሑድ ጥር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.