ጥርስ ያረፈባት ብር

ለወንድም ጋሼ ለታረቀኝ፣ አዲስ አበባ፤

እንደምን ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ክረምት ሲቃረብ ይብስባት ነበር። ባለቤትህ እትዬ ብዙወርቅስ በሰላም ተገላገለች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች የማኅበራችንን በር በመጥረቢያ ፈልጠው ገቡ። አዲሱ ክልላችን ገና በእግሩ አልቆመም፤ ከጦርነቱ የተረፈ መሣሪያ ግን በየጓዳው አለ። ውስጥ የነበረው ሊቀመንበራችን ረጀብ ብቻ ነበር። የጥንት ገንዘብ አጥኚዎች ማኅበር ስለተባልን ብር የቆለልን መስሏቸው ይሆናል ብዬ ነበር። እኛ ግን አንገዛም፣ አንሸጥም። የበርታ እናቶች አንገታቸው ላይ ያሰሩትን የድሮ ብር ወረቀት አልብሰን፣ በእርሳስ አሽተን መልኩን እናነሳለን፤ ታሪኩን ጠይቀን እዚያው አንገታቸው ላይ እንመልሳለን።

ሰዎቹ የፈለጉት ለካ አንዲት ብር ነው። «ጥርስ ያረፈባት የማን ናት?» እያሉ የረጀብን ቀኝ እጅ መቃኑ ላይ ተጭነው ጣቶቹን በሰደፍ ቀጠቀጡ። ጥርሱን አረገፉት። ደሙ ደጃፍ ድረስ ወረደ። ስም ግን አልወጣውም። ሐኪም ቤት ሦስት ጣቱን ቆረጡለት።

ብሯ የአንዲት የበርታ እናት ናት፤ ስማቸውን አሁንም አልጽፍልህም። ቅድመ አያታቸው እህቱን ከባሪያ ፈንጋይ ሊዋጅባት ይዟት ሄዶ፣ ፈንጋዩ ነክሶ ሐሰተኛ ናት ብሎ የወረወራት የድሮ ማርትሬዛ ብር ናት። ልጅቷ በዚያው ቀረች። በመስከረም ማኅበራችን መዝኖ፣ መርምሮ እውነተኛ መሆኗን ሲነግራቸው፣ በከንቱ ተወሰደች ማለት ነው ብለው እንደ ትናንት ሐዘን አለቀሱ። ይህንን ያኔ ጽፌልሃለሁ። አንተም የጥንት ዕቃ ሱቅህ ደንበኞች፣ ፈረንጆቹ፣ እንዲህ ያለውን እንደሚወዱ ገልጸህ፣ የማን እንደሆነች ጠየቅኸኝ። የባለቤቷን ስም ግን አልጻፍኩልህም።

ትናንት ረጀብ ባበጠ አፉ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ሸዋሉል፣ ጥርስ ያለው ብር ማን ነገረው? እኛ ለሰው አልተናገረም» አለኝ። ከማኅበሩና ከባለቤቷ ውጭ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና አልሸነግልህም፤ ፈርቼሃለሁ፣ ተቆጥቼሃለሁም። እማዬ ትሙት ብለህ፣ እኔ አልላክኋቸውም በለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለእትዬ ብዙወርቅ ማርያም ትማርሽ በልልኝ። ልጃችሁን ቤዚን ጉንጯን ሳምልኝ። የአንተ ሰላምታ ግን እኔው ዘንድ ይቆይ፤ መልስህ ሲደርሰኝ እልክልሃለሁ።

እህትህ ሸዋሉል
አሶሳ፣ ግንቦት 11 ቀን 1988 ዓ.ም.