ብርድ ወደ ታች ይፈሳል

ኅዳር ፲፯፣ ጧት ፩ ሰዓት
አራት። ትናንትም አራት። ሹሙ ጣሊያን ገና ተሸፋፍኖ ተኝቷል። የምሽጉን የግድግዳ ሰዓት ስሞላለት፣ በረንዳው ላይ የተሰቀለውን የብርድ መለኪያ መስታወትም አንብቤ መዝገቡ ላይ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ሰዓት ጠጋኝ ብሎ ወሰደኝ፤ ብርድ ቆጣሪ አደረገኝ። አትቆጣኝ ደብተሬ፣ ነገሩን ወድጄዋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሞቀው ይወጣል፣ ሲበርደው ይወርዳል። ዜሮ ሲገባ ውሃ በረዶ ይሆናል። ማንም ሳያስተምረኝ ደረስኩበት! ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ፤ መስታወት አይዋሽም እያልኩ።

ኅዳር ፲፰
ዛሬ ሦስት። የእኅቴ ልጅ ዓለምነሽ እያለቀሰች መጣች። ከምሽጉ በታች ረባዳው ላይ ያለው ባቄላቸው በውርጭ አለቀ። ሳቅሁባት።
«ከዜሮ በላይ ነው ያለው። ባቄላሽ የባልሽን ስንፍና አይቶ ደንግጦ ይሆናል።»
«ይሳቁ፣ አጎቴ። መጀመሪያ ወርደው ይዩትና ይሳቁ።»
ወረድኩ። ቅጠሉ የተቀቀለ ይመስላል፣ ጥቁር። ጥላ ባለበት አመዳዩ ገና ነጭ ነው። 

ኅዳር ፳
ባሏ ታደለ ለጣሊያን በቅሎዎች የታዘዘበትን ባቄላ እንዲምሩት ሊለምን ምሽግ ወጣ። አሰሩት! ሹሙ መዝገቡን ገልጦ አሳየው፤ የ፲፰ ዕለት ሦስት፣ ውርጭ የለም፣ ውሸታም ነህ አለው። የኔ ጽሑፍ፣ በገዛ እጄ! አስተርጓሚው ደግሞ የሚስትህ አጎት መስታወት አይዋሽም ይሉ የለ ወይ ብሎ ጨመረበት። እስከ ፳፬ ባቄላው ካልገባ ታደለን ወደ ደ/ማርቆስ እስር ቤት ይወስዱታል። በጎታው ውስጥ ያለው ግን ዘር ብቻ ነው። እሱን በቅሎ ከበላው ከርሞ ምን ይዘራሉ? እጄን መቁረጥ አማረኝ። አንተንም፣ ደብተሬ፣ ልቀድድህ ነበር።

ኅዳር ፳፩፣ ረፋድ
ትናንት አመሻሽ ሁለት እኩል ጣባ ውሃ ሞላሁ። አንዱን ከምሽጉ ግድግዳ ሥር፣ አንዱን ባቄላው መሀል። ጧት የላይኛው ውሃ። የታችኛው በረዶ፣ በጣት ቢጫኑት የማይሰበር! በገለባ ሸፍኜ አቀበቱን ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበት። ሹሙ እስኪነሣ ደጅ አቆሙኝ። እኔ ጠበቅሁ፤ ፀሐይ አልጠበቀችም። ውሃ አመጣህልኝ ብሎ ሳቀ።
አስተርጓሚው፦ «ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ጉም በጆንያ ይዘው ይምጡ።»
«አንገትህ ላይ ያለውን ባዶ ጆንያ አበድረኛ» አልኩት። በጥፊ አጮለኝ።
ወርደህ እይ ብዬ ሹሙን ብለምነው እንቢ፤ ረባዳው ላይ አርበኛ አድፍጧል ብሎ ይፈራል። መስታወቱን እኔ ላውርደው ብልም እንቢ፤ የመንግሥት ዕቃ ከሚስማሩ አይነቀልም።

ኅዳር ፳፪፣ ቀን ፱ ሰዓት
ጉንጬ አብጧል። ንዴቴ ብሷል። ጧት የዓለምነሽን ቤት ጢስ ሳይ ቆየሁ። ጥቂት ወጣና ታጠፈ፤ ቁልቁል ተጉዞ ረባዳው ላይ ተኛ። ገባኝ። የበረደ አየር ከባድ ነው። ሌሊት ከኮረብታው እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይጠራቀማል። መስታወቱ የተሰቀለበትን ግድግዳ ብርድ በትክክል ተናገረ፤ ስለ አገሩ ሁሉ የመሰከርኩት እኔ ደደቡ ነኝ። ገበሬው ቤቱን ረባዳ ላይ የማይሠራው ለምን ሆነና! ሁሉም ያውቃል። ሊቁ ብቻ ቁጥር ላይ አፍጥጦ ቀረ።

ቆርጫለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰዓቱን ልሞላ እገባለሁ፤ ዘበኞቹ ለምደውኛል። መስታወቱን ከሚስማሩ አነሣለሁ። መዝገቡ ላይ በቁጥሩ ፈንታ «የታደለ ማሳ ውስጥ ነኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ከአጥሩ ውጭ ስደርስ፣ ሰረቅኋችሁ! ብዬ ጮኼ ቁልቁል እሮጣለሁ። ለታደለ ያልወረደ ሹም ለመስታወቱ ከነወታደሩ ይወርዳል። እስኪደርስ እንጨት ላይ ሰቅዬው አጠገቡ እቀመጣለሁ። አልሸሽም።

ዓለምነሽን ጎታውን እንዳትከፍቺ ብያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከተኮሰም ይተኩስ። አስቀድሞ ግን ቁጥሩን ያንብብ።