አረንጓዴው ክር

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017፤ አሰላ

የግርማን ሹራብ ዛሬ ጨረስኩት። ጀርባውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን፣ አንገቱን፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊውን ክር ራሴ መርጬ ገዛሁት። አረንጓዴውን ግን አልገዛሁትም።

ግርማ እኔን ከማግባቱ በፊት ሁሩታ ሲያስተምር እጮኛው የነበረችው ሴት አረንጓዴ ሹራብ ሠርታለት ነበር። ክርኑ ተቀዶ ስላገኘሁት «ልጣለው?» ስለው «ጣይው» አለኝ። ደስ አለኝ። ክሩ ግን ደህና ሱፍ ነውና መጣሉ አሳሳኝ። ተርትሬ፣ አጥቤ፣ አዲሱ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አስገባሁበት። በእኔ ቀለሞች መሃል ማን ያያታል ብዬ!

ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር አለበስኩት። መስታወት ፊት ቆሞ «ባዬ ባሬዳ!» አለ፣ በጣም ያምራል ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ቀዩን በጣቱ አለፈው። ቢጫውንም አለፈው። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ መስመር ደግሞ! ከየት አገኘሻት?»

«ከገበያ» አልኩት።

«በሷ ኮፍያ ሥሪልኝ በናትሽ።»

አላወቃትም። ወይስ አውቋታል? እስካሁን ሹራቡን አላወለቀም።

የተረፈው ክር ሣጥኔ ውስጥ ነው። ለኮፍያ ይበቃል።