ተኝቶ ስለ ተያዘው ቢራ

ለተከበሩ የመጠጦች ጥራትና ሥርጭት መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለፊርማ ለሚተጋው ቀኝ እጅዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት ዝቅ ብዬ እያቀረብሁ፣ እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ ዳቦ የምጋግር፣ ምድጃዬን ካጠፋሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ ቢራ ከመጠጣት በቀር ሌላ ዐመል የሌለብኝ ሰው መሆኔን ላስተዋውቅ ይፈቀድልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነገረችኝ፤ ደግሜ ብመጣም ስብሰባው አላለቀም። ለሕዝብ ጥቅም ይህን ያህል የሚሰበሰብን ሰው ማቋረጥ ነውር ስለ መሰለኝ፣ ከስብሰባው ሲወጡ ጋዜጣ ላይ እንዲያገኙት አሰብሁ።

ጉዳዩ የእኅቴን ባል ይመለከታል። ይህ ሰው ከቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ ቢራ ይጠምቃል፤ በፊት ለፊቷ ክፍል ደግሞ እኅቴ ትቀዳለች። ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ «ቆይ» ስለ ሆነ ሠፈሩ በሙሉ አቶ ቆይ ይለዋል። ሦስት ዓይነት ቢራ አለው፤ ደፍረስ ያለ የስንዴ ቢራ፣ ጥቁር ቢራ፣ እንዲሁም ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ወርቅማ ቢራ። አዲሱ መመሪያዎ እስኪወጣ ድረስ ሦስቱንም ምንም ሳንጠረጥር ስንጠጣ ኖርን። ከጥፋታችን ስለ መለሱን ያለንን ምስጋና በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አረፋው። መመሪያዎ ሸማቹ እንዳይጭበረበር በማሰብ ብርጭቆ ሁሉ ከአፍ እስከ ገደፉ በፈሳሽ እንዲሞላ አዝዟል። እኅቴ ብርጭቆውን መጀመሪያ አጋድማ፣ በኋላ ቀና አድርጋ፣ ሁለት ጣት ያህል አረፋ ደፍታበት ነበር የምትሰጠን። እኛም የቢራውን ሽታ ወደ አፍንጫ የሚያደርሰውና ከአየር የሚጋርደው አረፋው ነው ብለን እናምን ነበር፤ ለካስ ስንዘረፍ ኖረናል። ተቆጣጣሪዎ ማስመሪያ ይዞ መጣ፣ ብርጭቆው ውስጥ ነከረው፣ አረፋው እስኪሞት በትዕግሥት ጠበቀ፣ ከዚያም የጎደለውን ለክቶ እኅቴን በማስጠንቀቂያ አለፋት። ዛሬ ያለ አረፋ እንጠጣለን፤ ጋዙም ብርጭቆ ውስጥ መውጣት ስለ ተከለከለ ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ጎረቤቴ አናጢው ባገሳ ቁጥር «ይህ ለኃላፊው ነው» ይላል፤ እኔም ምስጋናው በዚያ መንገድ እንደማይደርስዎ ስለ ገባኝ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የስንዴ ቢራው። ተቆጣጣሪዎ ብርጭቆውን በጋዜጣ ፊት አቁሞ በውስጡ አሻግሮ ማንበብ ስላልቻለ «ንጽሕናው ያልተጠበቀ» ብሎ መዘገበው። ቢራ መነጽር መሆን እንዳለበት የነገረን አልነበረም። አማቼ ቢራውን የሚያደፈርሰው ስንዴውና እርሾው መሆኑን ሊያስረዳ ቢሞክር፣ እርሾውም «ባዕድ ነገር» ተብሎ በተጨማሪ ጥፋትነት ተያዘበት። እኔ በዚሁ ባዕድ ነገር ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝና፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ወደ ዳቦ ቤቴ ተመለስሁ።

ለጥቁሩ ቢራም የራሱን ቁጥር ልሰጠው ነበር፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪዎ ብቅሉ ተቆልቶ መጥቆሩን ሲሰማ «የተቃጠለ ጥሬ ዕቃ» ብሎ ከመጻፉ በቀር ያደረሰብን በደል የለም፤ የጻፈውም ሁለተኛውን ብርጭቆ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሦስተኛውና እንቅልፍ የነሣን ነገር የወርቅማው ቢራ መተኛት ነው። ይህ ቢራ ከፈላ በኋላ ብርድ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ማረፍ አለበት፤ እርሾው ቀስ እያለ ይዘቅጣል፣ ጥሬ ጣዕሙ ይለቀዋል፣ ራሱም ይጠራል። መመሪያዎ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይሸጥ የተቀመጠ መጠጥ ሁሉ በገበያ ላይ እጥረት ለመፍጠር ሆን ተብሎ የተከማቸ ነው ይላል። እንግዲህ አቶ ቆይ፣ ሰው ሲገፋው እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ገበያ የሚያናጋ ከባድ ነጋዴ ተባለ። በዚህ አያያዝ ሌሊቱን ሲያርፍ የሚያድረው ሊጤም አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

አማቼ ሕግ አክባሪ ነውና መጀመሪያ ታዘዘ። ያልደረሰውን ቢራ በሳምንቱ አወጣው፤ ከፊሉን በጠርሙስ ሞላ፣ ከፊሉን በብርጭቆ አቀረበ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመውም አላገኘንም። ቢራው ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። ደንበኞቹ በይሉኝታ አንድ ሁለቴ ፉት ብለው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት፤ ለቤታቸው የወሰዱትም ጠርሙሱን መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸውም መምጣት ተዉ። አማቼ ማንም ያልተቀመጠባቸውን ወንበሮች ሲወለውል ማየት አንጀቴን በላው፤ ይህን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፍልዎ። ሰውዬው ገንዘቡን ቢያጣ ይችለዋል፤ ቢራው መጥፎ ነው መባልን ግን አልቻለውም።

ስለዚህ ቀጣዩን ጥምቅ እንደ ወጉ አስተኛው። ተቆጣጣሪዎ መጣ፣ ቢራውን ታንከሩ ውስጥ እንደ ተኛ ያዘው፣ የብርድ ክፍሉንም በር በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አሸገው። ቢራው ይደፋ ወይስ ይሸጥ የሚለውን ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ እስኪወስን ድረስም ማስረጃው እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣው ለአፍታ እንዳይጠፋ፣ ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባና እጁንም እንዳያስገባ በጽሑፍ አዘዘ። ያ ቢራ ከተደፋ አማቼ እንደገና የሚጠምቅበት ብቅል የለውም፤ ቤታቸውም ይዘጋል። ከታሸገው በር ፊት በርጩማ አስቀምጦ እህል ሳይቀምስ ተቀመጠ። ልናጽናናው የሞከርነውን ሁሉ «ቆይ» ብሎ መለሰን።

ያነቃችው እኅቴ ናት። ማኅተሙን ጠጋ ብላ አየች፣ የማቀዝቀዣውን ድምፅ አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ፣ እስቲ አስበው» አለችው። «እኛ ብንሆን ቤት ኪራይ ደረሰ፣ ደንበኛ መጣ እያልን ቀድመን እንከፍተው ነበር። አሁን አንተም ብትሆን አትነካውም። ዕድሜህን ሙሉ የለመንከውን ጊዜ ሰጡህ፤ በል ተነሣና እራትህን ብላ።»

በላ። እኔም የቢራው እንጀራ አባት ማን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ሆይ። ስለዚህ ልመናዬን ይስሙኝ። ጉዳያቸው እንዲፋጠንላቸው ደጅዎን የሚጠኑ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን እንዲዘገይልኝ ነው የምለምነው። የኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ይጉደል፤ ቃለ ጉባኤው ይጥፋ፤ ሲገኝም ፊርማ ጎድሎት ይመለስ፤ እርስዎም ስብሰባ ላይ ይሁኑ። ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ሸክም እንደማይሆን አውቃለሁ። አንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ እንደ ወትሮው ቸል ካሉን በኋላ ይሸጥ ብለው ይወስኑልን፤ ያን ዕለት ከዚያ በር የሚወጣው በዚህች ከተማ ከተጠመቀው ሁሉ የተሻለ ቢራ ይሆናል፤ ያደረሰውም የእርስዎ ማኅተም ነው።

በጽሕፈት ቤትዎ ዝግታ ላይ ጽኑ እምነት ያለኝ፣ ማኅተምዎ ሳይነካ እንዲኖር ዘወትር የምመኝ፣ ታዛዥዎ ዳቦ ጋጋሪ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንበኞች ከመለሱት ቢራ አንድ ሣጥን ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ፤ ለስብሰባው ነው። ሲቀዱት አረፋ የለውም፣ ከሳምንት በላይም አልተኛም፤ ከመመሪያዎ አንዲት ነጥብ አልጎደለበትም። የጎደለው የሚጠጣው ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ እንደ ፈረሙ ሁሉ ሣጥኑንም እስከ መጨረሻው ጠርሙስ እንዲጨርሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።