የቆመ ማራገቢያ እንደማይጮህ በማኅተም ስላረጋገጡልን

ለተከበሩ የኮምፒውተር መደብሩ የዋስትናና ጥገና ክፍል ኃላፊ

ኮምፒውተራችን ትናንት ሰኞ ከቀትር በኋላ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ ተለጥፎበት ወደ ቤት ተመልሷል።

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎችዎ ፍጹም ጤነኞች እንዲሆኑ ከልብ እየተመኘሁ፣ ክፍልዎ ላሳየን ትዕግሥት ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ናት። ዐሥር ዓመት በሌሎች ስም ስትነድፍ ኖራ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ንድፍ ውድድር ገብታለች። ሥዕሎቹን የሚያወጣላት የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ሲሞቅ የሚያቀዘቅዙት ሦስት ማራገቢያዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ ካለፈው ወር ጀምሮ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንገጫገጫል፤ ሲብስበት ይቆማል፤ ካርዱ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ሥዕሉን ከግማሽ ላይ ትቶ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ምስጋናዬ በተራ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ባለሙያዎ በመጀመሪያው ምርመራ ኮምፒውተሩን አብርተው፣ ምንም ሥራ ሳይሰጡት፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዳምጠው «ምንም ድምፅ የለውም» ብለው ፈርመዋል። እውነታቸውን ነው። እነዚህ ማራገቢያዎች ካርዱ ካልሞቀ በቀር አይዞሩም። የቆመ ማራገቢያ እንደማይጮህ እስከ ዛሬ በግምት ብቻ እናውቅ ነበር፤ አሁን ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ አለን።

2ኛ. በሁለተኛው ምርመራ ከባድ ሥዕል ከፍተው እንዲሞክሩት ብንለምናቸው ሳያቅማሙ ከፈቱልን። ጠረጴዛው ስለጠበበ ግን ኮምፒውተሩን በጎኑ አስተኝተውት ነበር። ባለቤቴ «ኧረ ወንድሜ፣ እኛ ቤት ቆሞ ነው የሚሠራው!» ብትላቸው «እህቴ፣ ቆመም ተኛም ያው ኮምፒውተር ነው» በማለት አጽናንተው፣ ዳግመኛ «ምንም ድምፅ የለውም» ብለው ፈርመው ሸኝተዋታል።

እዚህ ላይ አማቴን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ የሠሩ መካኒክ ናቸው እንጂ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም። ባለፈው እሑድ የካቻቢቴውን ጫፍ ሳጥኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ የመሐለኛው ማራገቢያ መሽከርከሪያ ኩሽኔታ ነው፤ ተበልቶ አልቋል» አሉ። ከዚያም ኮምፒውተሩን አስተኙት፤ ዝም አለ። አቆሙት፤ ጮኸ። ማራገቢያው ሲተኛ ክብደቱ ባልተበላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ ነው አሉን። ይህንኑ ጽፈን ብናቀርብ «የመኪና መካኒክ አስተያየት ተቀባይነት የለውም» ተባልን። ተገቢ ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ መርማሪ ልሁን ቢል የት ይደረሳል?

3ኛ. ትናንት ኮምፒውተሩ ቆሞ፣ ከባድ ሥራም ተሰጥቶት ተፈተሸ። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ አቧራ ማራገፊያው ኮምፕረሰር ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ይሠራ ነበር። ባለሙያዎ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አይቼ ጆሮዬን ወደ እሳቸው ባዘነብልም አንድም ቃል አልያዝኩም፤ ስለዚህ «ምንም አልሰማሁም!» ብዬ ጮኼ መለስኩ። ወረቀቱ ላይ «ደንበኛው ድምፅ አለመስማቱን አምኗል» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ቃሌን እንዲህ ሳያዛባ የመዘገበልኝ መሥሪያ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም።

ማራገቢያው ቢቆምም አክብሮቱ የማይቆም፣ የክፍልዎን ወንበሮች በቁጥር የሚያውቅ፣ የንድፍ ባለሙያዋ ባል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአሥራ ሁለቱ ሥዕሎች አምስቱ ገና አልወጡም፤ ውድድሩ የሚዘጋው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ካርዱ ይቀየርልን የሚለው ማመልከቻችን ትናንት ገቢ ሆኖ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ለኮሚቴ ተመርቷል። ዋስትናችን ነገ ረቡዕ ያበቃል። ኮሚቴዎ ለውሳኔ የሚቀመጠው ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው።